ለአራተኛው ፎቅ የተያዘ ክብደት

ሀገሩ ሁሉ ለሚሊኒየሙ ሽር ጉድ በሚልበት ዓመት ሀዋሳ ውስጥ የገጠመኝን ነው የምጽፍላችሁ። ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ በኋላ ብዙ ሕንጻ ሠርቻለሁ። የአብዛኞቹን ባለቤቶች መልክ ረስቻለሁ፤ አንዳንዶቹ መንገድ ላይ ሰላም ሲሉኝ ማን እንደሆኑ ለማስታወስ እቸገራለሁ። የሐጂ ነስሩ ሕንጻ ግን ከልቤ አልወጣም። በአጠገቡ ባለፍኩ ቁጥር ቀና ብዬ ላይኛውን ፎቅ አያለሁ።

ሙያዬ የሕንጻ ምህንድስና ነው። አርክቴክቱ የሕንጻውን መልክ ይስላል፤ እኔ አጥንቱን እሠራለሁ። ሕንጻውን የሚሸከመው ኮለን ምን ያህል ይወፍራል፣ የየፎቁ ወለል የሆነው ሶሌታ ምን ያህል ፌሮ ይገባበታል የሚለው የእኔ ጣጣ ነው። ያን ጊዜ አዲስ ከተማ በሚባለው የሀዋሳ ሰፈር ውስጥ ከአንድ ፋርማሲ በላይ ባለች ጠባብ ቢሮ ተቀጥሬ ነበር። ያለችንን ኮምፒውተር አለቃችን ስለያዛት እኔ በእርሳስና በካልኩሌተር ነበር የምሠራው። ፊቴ ኮስታራ ነው፣ ቀጭን ነኝ፣ በዚያ ላይ ሴት ነኝ። ደንበኞች ሲገቡ በትከሻዬ ላይ አሻግረው እያዩ "ኢንጂነሩ የለም እንዴ?" ይሉኝ ነበር። መጀመሪያ ያናድደኝ ነበር፤ በኋላ "አለ፣ እኔ ነኝ" ማለት ለመድኩ።

ከደንበኞቼ ጋር ሁሌ የሚያጨቃጭቀኝ ነገር የመሬት መንቀጥቀጥ ነበር። ሀዋሳ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ነው ያለችው፤ ምድሯ አልፎ አልፎ ይነቃነቃል። የሕንጻ ደንቡም ለእንዲህ ያለ ቦታ የበለጠ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ይህን ስናገር ሰዉ ይስቅብኛል። "እሱ የፈጣሪ ሥራ ነው፤ አንቺ ዝም ብለሽ ፌሮውን ቀንሺልኝ" ያለኝ ሰውዬ አለ።

ሐጂ ነስሩ ግን አልሳቁም።

ሐጂ ከስልጤ በወጣትነታቸው ወጥተው ሀዋሳ የከተሙ የጨርቅ ነጋዴ ናቸው። ሱቃቸው ከቢሯችን ብዙም አይርቅም። ከሱቁ ጋር የተያያዘው የቆርቆሮ ቤታቸው ልጆቻቸውን ያሳደጉበት ነው። እሱን አፍርሰው ጂ ፕላስ ፎር ሊሠሩ ነው የመጡት። ምድር ቤቱ ሱቅ ይሆናል። ከላይ ያሉት አራት ፎቆች ደግሞ ለአራቱ ልጆቻቸው ናቸው፤ ለእያንዳንዱ አንድ ፎቅ።

"እርስዎስ የት ሊኖሩ ነው?" አልኳቸው።

"እኔና እናታቸው ከሱቁ ጀርባ አንድ ክፍል ይበቃናል። ደረጃ የምንወጣበት ጉልበት የለንም" አሉኝ።

ሦስቱ ወንዶች ናቸው፤ የመጨረሻዋ ሴት ናት፣ ሰሚራ ትባላለች። ወንዶቹ ዝቅ ዝቅ ያሉትን ፎቆች ሲከፋፈሉ ላይኛው ለእሷ ተረፈ። ይህም ቢሆን ለትልቁ ልጅ ለከማል አልተዋጠለትም። እኔ ፊት "ሴት ልጅ ነገ አግብታ ባሏ ቤት ትገባለች፣ ፎቅ ምን ያደርግላታል?" ብሎ አጉረመረመ። ሐጂ ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። "ስሞት የምትካፈሉት ውርስ ነው፤ እሱ በሕጉ ይሄዳል። በቁሜ የምሰጣችሁ ግን ስጦታ ነው። ስጦታ ከሆነ ደግሞ እሷንም እናንተንም አላበላልጥም" አሉት። እኔም ያን ሰዓት ነው ሽማግሌውን የወደድኳቸው።

አርክቴክቱ ሥዕሉን ሳይጨርስ እኔ የመነሻ ስሌት እሠራለሁ። ሕንጻው በዚህ ቅርፁና በዚህ ከፍታው ያስኬዳል ወይስ አያስኬድም የሚለው በዚህ ስሌት ይታወቃል። ነገሩ ሲታይ ከባድ አይደለም። የሕንጻውን ጠቅላላ ክብደት አገኛለሁ፤ ደንቡ ለከተማውና ለአፈሩ ባስቀመጠው ቁጥር አባዛዋለሁ። የሚወጣው ውጤት ምድር ስትነቃነቅ ሕንጻውን ወደ ጎን የሚገፋው ኃይል ነው። ከዚያ ኃይሉን ለየፎቁ አከፋፍላለሁ። ክፍፍሉ ታዲያ እኩል አይደለም፤ ፎቁ ከፍ ባለ ቁጥር የሚደርሰው ይበዛል።

የሐጂ ስሌት አልወጣልኝም። ቦታቸው ጠባብና ረዥም ነው፣ አፈሩ ልል ነው። ሱቁ ደግሞ ፊቱ መስታወት እንዲሆንና ኮለን እንዳይበዛበት ይፈለጋል። ኮለኑን ባወፍረው ሱቁን ይበላዋል፤ ባቀጥነው ሕንጻውን አይችለውም። ደጋግሜ ሞከርኩት። ላይኛውን ፎቅ ያነሳሁ እንደሆነ ግን ሁሉም ነገር ቦታ ቦታውን ይዞ ይቀመጣል።

ሐጂ ከማልን አስከትለው ሲመጡ ይህንኑ ነገርኳቸው። ለማስረዳት ስዘጋጅ እሳቸው ቀደሙኝ። "ገብቶኛል። ጠረጴዛ ላይ ጣቃ ደርድሬ ጠረጴዛውን ብገፋው ላይኛው ጣቃ ነው የሚወዛወዘው" አሉ። እንዲህ ቶሎ የገባው ደንበኛ አልነበረኝም።

ከዚያ ወረቀቱን ትክ ብለው አዩትና "ታዲያ የማንን ላንሳ?" አሉኝ።

ከማል "አባዬ፣ መልሱማ ግልጽ ነው እኮ" አለ። ሐጂ ከተቀመጡበት ተነሱ። በሩ ጋ ሲደርሱ ወደ እኔ ዞር ብለው "እስኪ ልጄ፣ ደግመሽ አስቢው" ብለውኝ ወጡ።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ከሰዓት ላይ አንዲት ወጣት ሻሿን እያስተካከለች ቢሮ ገባች። ነጭ ጋውን አጣጥፋ በክንዷ ይዛለች። ነርስነት እንደምትማርና ለልምምድ ከሄደችበት ከቡሹሎ ጤና ጣቢያ እየተመለሰች እንደሆነ ነገረችኝ። ሳልጋብዛት ወንበር ሳብ አድርጋ ተቀመጠች።

"ቤታችንን የሚያፈርሰው የኔ ፎቅ ነው አሉ" አለችኝ። "ሰሚራ ነኝ።"

ሳቄ መጣ። እኔ ሥራ ቦታ ቶሎ የምስቅ ሰው አይደለሁም።

ስሌቱን እንዳሳያት ጠየቀችኝ። አንድ በአንድ አሳየኋት። የአንዱ ፎቅ ክብደት ከሌላው ጋር እኩል ሆኖ ሳለ ለምን እሷ ላይ ብዙ እንደሚያርፍ አልገባትም ነበርና ደግሜ አስረዳኋት። ክብደቱ ከምድር በራቀ መጠን ግፊቱ እንደሚጨምር ነገርኳት። እስኪገባት ድረስ ለቀቅ አላደረገችኝም። በመጨረሻ "ታዲያ ክብደቱ ቢቀንስስ?" አለች።

እውነቱን ለመናገር ይህ ሐሳብ ለእኔም መጥቶልኝ ነበር። የላይኛው ፎቅ ጣሪያ ሶሌታ መሆኑ ቀርቶ ቆርቆሮ ቢሆን፣ ግድግዳውም ብሎኬት መሆኑ ቀርቶ ቀላል ነገር ቢሆን፣ ከላይ የሚነሳው ክብደት ቀላል አይደለም። ግን በእኛ ከተማ ፎቅ አሠርቶ አናቱ ላይ ቆርቆሮ መታየቱ እንደ ውርደት ነው የሚቆጠረው። ሐጂ ደግሞ ለወንዶቹ ሶሌታ ሰጥተው ለሴት ልጃቸው ቆርቆሮ እንደማይሰጡ አውቄ ነበር። ስለዚህ አላነሳሁባቸውም።

ይህንኑ ነገርኳት። "እኔ ቆርቆሮ ሥር ነው የተወለድኩት" አለችኝ። "ዝናብ ካልሰማሁ እንቅልፍ አይወስደኝም። ወላሂ ለወንድሞቼ ነው የማዝንላቸው። አንቺ ስሌቱን ብቻ ሥሪልኝ፤ አባዬን እኔ እነግረዋለሁ። እኔ ከነገርኩት እሺ ይላል።"

ለመሄድ ተነስታ ሳለ ፊቴን ትኩር ብላ አየችኝ። ምንም ሳትል ጠጋ ብላ የዓይኔን ሥር በአውራ ጣቷ ወደ ታች ሳብ አደረገችው። "ደም አንሶሻል። ምሳ አትበይም አይደል?" አለች። ምሳዬን ትቼ እንደምሠራ በምን እንዳወቀች እንጃ። "ፎቄን ከመሥራትሽ በፊት ተመርመሪ" ብላኝ ደረጃውን እየሮጠች ወረደች።

ሥራዬን የወደድኩት በዚያ ሳምንት ነው። ላይኛውን ፎቅ በቆርቆሮና በቀላል ግድግዳ አሰብኩት። ኃይሉን እንደገና አከፋፈልኩት። ኮለኑ እየቀጠነ መጣ። ሱቁ ሱቅ ሆኖ፣ አራቱም ፎቆች አራት ሆነው፣ ስሌቱ በደንቡ መሠረት አለፈልኝ። ስህተት እንዳይኖር ከመጀመሪያው ጀምሬ ደግሜ ሠራሁት፤ አሁንም አለፈ። ይህን የምነግረው ሰው አጥቼ ለአለቃዬ ብነግረው "ጎበዝ" ብሎኝ ወደ ኮምፒውተሩ ተመለሰ።

በስልክ ልንገራቸው ብዬ አስቤ ነበር። በኋላ ግን ፊታቸውን ማየት ፈለግኩ። ወረቀቱን ጠቅልዬ በብብቴ ይዤ ወደ ሱቃቸው ሄድኩ።

ሱቁ ዝግ ነበር። ከጎኑ ባለው ቅያስ ድንኳን ተተክሏል። ወንዶች አግዳሚ ላይ በዝምታ ተቀምጠዋል። ሠርግ እንዳልሆነ ወዲያው ገባኝ። ሐጂ ሞቱ ብዬ ደነገጥኩ። ከዚያ ግን ሐጂን ራሳቸውን ከሰዎቹ መሃል አየኋቸው። ጉልበታቸውን አቅፈው መሬት መሬት ያያሉ።

አጠገቤ የነበረ ሰውዬን "ማን ነው?" ብዬ ጠየቅኩት።

"ትንሿ ልጃቸው" አለኝ። "ከቡሹሎ ስትመለስ የተሳፈረችበት ባጃጅ ተገለበጠ። ትናንት ቀበርናት።"

ከዚያ በኋላ ያለውን በደንብ አላስታውስም። አንዲት ሴትዮ እጄን ይዛ ሴቶቹ ወዳሉበት ክፍል አስገባችኝ። ጥቅሉን የማስቀምጥበት ቦታ ስላጣሁ በነጠላዬ ሸፍኜ ጭኔ ላይ ያዝኩት። እናትየው ፍራሽ ላይ ተቀምጠዋል፤ ሴቶች ግራና ቀኝ ደግፈዋቸዋል። አያውቁኝም። ለቅሶ ደራሹ ሲቀንስ ቀና ብለው አዩኝና "አንቺስ ልጄ፣ አብራችሁ ነው የምትማሩት?" አሉኝ።

"ጓደኛዋ ነኝ" አልኳቸው።

አንድ ከሰዓት ብቻ ነበር ያየኋት። ቢሆንም የዋሸሁ አልመሰለኝም። እጄን ሳብ አድርገው ሳሙት። ያንን ጊዜ አልቻልኩም፤ አለቀስኩ።

ቢሮ ስመለስ ወረቀቱን ከመደርደሪያው ጀርባ አቆምኩት። ሳልገልጠው ሳምንታት አለፉ። አለቃዬ "የሐጂ ሥራ ምን ደረሰ?" ሲለኝ "ሐዘን ላይ ናቸው" እያልኩ አልፈዋለሁ። በመሃሉ ሄጄ ተመረመርኩ፤ ደሜ እውነትም አንሶ ነበር።

አንድ ቀን ጠዋት ሐጂ ብቻቸውን መጡ። ልብሳቸው ሰፍቷቸዋል። ሰላምታ ተለዋወጥን። "እግዚአብሔር ያጽናዎት" አልኳቸው፤ "አሚን" አሉኝ። ከዚያ ብዙ ጊዜ አልፈጁም።

"ልጄ፣ ያንን ፎቅ አንሺው" አሉኝ። "ያልሽው ሆኗል። አሁን ሦስት ልጅ ነው ያለኝ።"

በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ሙያዬን ጠልቼው አላውቅም። እሳቸው እኔን ሊወቅሱ አልነበረም የመጡት፤ ክፋት የሌለባቸው ሰው ናቸው። የነገርኳቸውን ነው መልሰው የነገሩኝ። ምን እንደምላቸው ጨነቀኝ። ዝም ብዬ ፎቁን ላንሳላቸው ወይስ ሰሚራ መጥታ እንደነበር ልንገራቸው? ሁለቱም የሚያቆስል ሆኖ ታየኝ። በኋላ ግን ልጃቸው የተናገረችው ቃል እኔ ጋ ሊቀር አይገባም ብዬ ነገርኳቸው። እዚህ ወንበር ላይ እንደተቀመጠች፣ ስሌቱን እንዳሳየኋት፣ ቆርቆሮ እንደመረጠች፣ "አባዬን እኔ እነግረዋለሁ" እንዳለች፣ ሁሉንም አልኳቸው።

"አልነገረችኝም" አሉ። የወንበሩን መደገፊያ ዳሰስ አደረጉና "ስሌቱ እስኪያልቅ እየጠበቀች ይሆናል" አሉ።

ጥቅሉን ከመደርደሪያው ጀርባ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁት። መነጽራቸውን አደረጉ። "እስኪ የሷን ፎቅ አንብቢልኝ" አሉኝ። ሙያው ላልሆነ ሰው እንዲህ ያለ ነገር ማንበብ አልለመድኩም። ቢሆንም ጣቴን እያስኬድኩ አነበብኩላቸው። የቆርቆሮው ክብደት ይህ ነው፣ ቆርቆሮው የሚያርፍበት ብረት ይህ ነው፣ ግድግዳው ይህ ነው፣ የምትቆምበት ሶሌታ ይህ ነው አልኳቸው። በየመስመሩ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ።

ከሥር አንዲት ትንሽ ቁጥር ቀረች። እኔ አላነበብኳትም፤ እሳቸው ግን ጣታቸውን አሳረፉባት።

"ይቺስ?"

"ለሚኖርበት ሰውና ለዕቃው በግምት የምይዘው ነው" አልኳቸው።

"ሰው ማለት... እሷ?"

"አዎ ሐጂ።"

ጣታቸው እዚያው ቀረ። እኔም ሥራ ሥራ የሚል ወሬ ማውራት ጀመርኩ። ፎቁ ይሠራ ካሉ አሁን የሚኖርበት ስለሌለ ይህን መስመር ላወጣው እንደምችል፣ ሕንጻው ትንሽ እንደሚቀለው ነገርኳቸው። እጄ ወደ ላጲሱ ሄደ። ምን ነክቶኝ እንደሆነ አላውቅም፤ እንባ እንዳይቀድመኝ እጄን ሥራ ላስይዘው ብዬ መሰለኝ።

ሐጂ መዳፋቸውን ወረቀቱ ላይ አደረጉ።

"ተይው" አሉኝ። "እኔ ላይ አላህ ፈረደ፤ አልሐምዱሊላህ። አንቺ ግን አታንሻት።"

ላጲሱን አስቀመጥኩ። ሁለታችንም ተላቀስን። አለቃዬ በሩን ከፍቶ አየንና መልሶ ዘጋው።

ሕንጻው በዚያው ስሌት ተሠራ። ፎቁ አልተነሳም፤ ጣሪያው ቆርቆሮ ሆነ። ቆርቆሮው ሲመታ ከላይ ቆሞ ያሠራው ከማል ነው። ሌላው ሥራ ላይ ሠራተኛ ልኮ ይቀር የነበረ ሰው፣ እዚያ ላይ ከአናጢዎቹ ጋር ይውላል። አንድ ቀን ለቁጥጥር ስወጣ አገኘሁት። "የምስማሩ ቀዳዳ ውሃ እንዳያስገባ ብዬ ነው" አለኝ፣ ሳልጠይቀው። ዓይኑ ቀልቶ ነበር። በእሱ ላይ የነበረኝ ቂም እዚያው ቀረ።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ከተማው ውስጥ መጠነኛ መንቀጥቀጥ ተሰማ። ሰዉ ከቤቱ ወጥቶ መንገድ ሞላ፤ የከፋ ነገር ግን አልደረሰም። በማግስቱ ስሌታቸውን የሠራሁላቸውን ሕንጻዎች እየዞርኩ ሳይ ሐጂ ጋ ሄድኩ። ሱቁ ደጃፍ ላይ በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። ሱቁ ውስጥ ልስኑ ላይ ቀጭን ስንጥቅ አሳዩኝ፤ ልስን ብቻ እንደሆነ አይቼ ነገርኳቸው። ወደ ላይ ልወጣ ስል በእጃቸው አስቆሙኝ።

"እሷ ጋ ወጥቼ አይቻለሁ። ምንም አልነካትም" አሉኝ።

እኚህ ሰው ደረጃ የምንወጣበት ጉልበት የለንም ያሉኝ ሰው ናቸው። ያንን ፎቅ ተከራዮች ቢለምኑም አላከራዩትም፤ ማንም አይኖርበትም። በምን ጉልበታቸው ወጥተው እንዳዩት አልጠየቅኳቸውም።

አሁን የራሴ ቢሮ አለኝ። ስሌቱን ኮምፒውተር ይሠራዋል፤ ወጣቶቹ ቁጥሩን አስገብተው ውጤቱን ያወጡታል። ለነዋሪ የሚያዘው ክብደት ጋ ሲደርሱ እንደ ማንኛውም ቁጥር ያልፉታል፤ እኔም አልቆጣቸውም፣ ያው ቁጥር ነውና። ለእኔ ግን እንደ ድሮው አልሆነልኝም። እዚያ ቁጥር ላይ ስደርስ አንዲት ልጅ ወንበር ስባ ስትቀመጥ ይታየኛል፤ አውራ ጣቷ ከዓይኔ ሥር ይሰማኛል። አንድ ከሰዓት ብቻ ለማውቃት ልጅ ይህን ያህል ማዘኔ ይገርመኛል። የሐጂ ሕንጻ ዛሬም ኖራበት የማታውቅ ሴት ልጅ ክብደት ታስቦለት ቆሟል። እኔ ነኝ ያሰብኩት፤ አንድ ቀን እንኳ ላንሳው ብዬ አስቤ አላውቅም።